ያገለገለ ባነር ተመልሶ ሲመጣ፦ ለአዳማ ማስታወቂያ ቤቶች

አዳማ ውስጥ ባነር በአንድ ሥራ ብቻ ጡረታ አይወጣም። ለሦስት ቀን ስብሰባ የታተመው በወሩ ቀኑ ተቀይሮ እንዲሰቀል ይፈለጋል፤ የሱቅ መክፈቻው የጀበና ቡና ጥላ ይሆናል፤ የምርቃቱ ባነር ላይ በርበሬ ይሰጣበታል። ደንበኛው ከፍሎ የወሰደው ዕቃ ነውና መብቱ ነው። ጣጣው የሚመጣው ባነሩ ተቀዶ ወይም ደብዝዞ ጠረጴዛችሁ ላይ ተዘርግቶ «ይኼው ሥራችሁ!» ሲባል፣ ወይም «አዲስ ከማሠራ እዚሁ ላይ ድገሙልኝ» ሲባል ነው። ሁለቱንም ያለ ጭቅጭቅ መጨረስ ይቻላል፤ ግን አብዛኛው ነገር የሚያልቀው ባነሩ ሳይታተም፣ ትዕዛዝ በምትቀበሉበት አምስት ደቂቃ ውስጥ ነው።

ትዕዛዝ ስትቀበሉ

ሦስት ነገር ጠይቁ። የት ይሰቀላል? ለስንት ጊዜ? ሌላ ጊዜስ ትጠቀሙበታላችሁ? ብዙ ቤት የሚዘለው የመጨረሻውን ነው፤ ኋላ የሚያጣላውም እሱ ነው።

በካሬ ሜትር 280 ወይም 340 ግራም የሚመዝን ባነር ለአዳራሽ ውስጥና ግድግዳ ላይ ተደግፎ ለሚቆይ አጭር ሥራ ይበቃል። ውጭ ለሚውል 440፣ በሁለት ምሰሶ መካከል ለሚንጠለጠል 510 ግራም ይሻላል። ባነርን አጥብቆ የሚይዘው በሁለቱ የፒቪሲ (ፕላስቲክ) ሽፋኖች መካከል ያለው የፖሊስተር መረብ ነው፤ ቀጭኑ ባነር ላይ ክሩም ሽፋኑም ይሳሳል። ለደንበኛው ቁጥር ከመንገር የሁለቱን ቁራጭ እጁ ላይ አስይዙትና በጣቱ ይዳስሰው። ከዚያ በኋላ ርካሹን ቢመርጥ ምርጫው የራሱ ነው፤ እናንተ ደረሰኙ ላይ አንድ መስመር ጻፉ፦ «340 ግራም፣ ለቤት ውስጥ፣ ጠርዝ ያልታጠፈ»። ማንም የማያነበው አንድ ገጽ ሙሉ ውል ከዚህች መስመር አይበልጥም።

ሌላም ቀላል ነገር አለ። ባነሩ ሲያልቅ በጀርባው፣ በታችኛው ቀኝ ጥግ፣ በማይለቅ ማርከር የትዕዛዝ ቁጥሩን፣ የታተመበትን ቀንና ግራሙን ጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ቤት የታተመ ባነር ይዞ የሚመጣ ሰው ይኖራል፤ አብዛኛው ሆን ብሎ ሳይሆን የት እንዳሠራው ረስቶ ነው። ጀርባውን ገልብጣችሁ ቁጥር ከሌለው ክርክሩ ሳይጀመር ያልቃል።

«አዎ፣ በየጊዜው እንጠቀምበታለን» ካለ ዲዛይኑን ለዚያ አዘጋጁት። ስብሰባ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች የሚቀይሩት ሁልጊዜ ሦስት ነገር ነው፤ ቀኑን፣ ዙሩንና ቦታውን። ሦስቱንም አንድ ላይ፣ ከታች፣ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው ባለ አንድ ቀለም ረድፍ ውስጥ አስገቡ። ነጭ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ይሁን፤ ከጠቆረ ወደ ነጣ የሚሸጋገር ዳራ ግን አይሁን፤ በኋላ የሚለጠፈው ቁራጭ በፍጹም አይገጥምለትም። ለአዲስ ዓመትና ለበዓል የእንኳን አደረሳችሁ ባነር ደግሞ ዓመተ ምሕረቱን ጭራሽ አታትሙት፤ ከፈለጉ በስቲከር ይጨመር። ደንበኛው የሚቀጥለው ዓመት የሚያሠራው ባነር አንድ ይቀንስባችሁ ይሆናል፤ ግን የስቲከር ልጥፉን ሥራ ይዞ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው።

ነፋሱን በቁጥር አስረዱ

ከከተማዋ ዳር የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች በአንደኛው ምዕራፍ 51፣ በሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት አዳማ ላይ በዋዛ አይደለም። ያው ነፋስ ነው የደንበኛችሁን ባነር የሚያገኘው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በ25 ኪሎ ግራም ገደማ ይገፋል። 3 በ4 ሜትር ባነር 12 ካሬ ነው፤ ወደ 300 ኪሎ መጣ ማለት ነው። ዙሪያው 14 ሜትር ስለሆነ በየ50 ሴንቲ ሜትር አይሌት (የማሰሪያ ቀዳዳው ላይ የሚመታ የብረት ቀለበት) ቢመታለት 28 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ከ11 ኪሎ ያነሰ ይሸከማል። ደንበኛው አራቱን ጥግ ብቻ ካሰረ ግን አንዱ ጥግ ላይ ቢያንስ 75 ኪሎ አረፈ። ይህን ወረቀት ላይ እየጻፋችሁ ስታሳዩት የማይገባው ሰው የለም።

«ነፋስ ማሳለፊያ ቀዳዳ ብሱልኝ» የሚል ይመጣል። በግማሽ ጨረቃ የሚቆረጠው ቀዳዳ ግፊቱን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ መቀደጃ መነሻ መሆኑ ግን አይቀርም። ነፋሱ የሚበረታበት ቦታ ከሆነ ወንፊት ባነር አሠሩት፤ ህትመቱ ከቅርብ ሲያዩት ይሳሳል፣ ከመንገድ ማዶ ግን አይታወቅም።

አሰቃቀሉንም ከባነሩ ጋር ስጡ። ጠርዙ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ታጥፎ ይጣበቅ፣ አይሌቱ እጥፉ መሀል ይመታ። ማሰሪያ ቀጭን ሽቦ አይሁን፤ ሽቦ አይሌቱንም ባነሩንም እንደ መጋዝ ይበላል። ምርጡ ማሰሪያ አዳማ ውስጥ በየጎሚስታው ያለ ነው፤ ያረጀ የባጃጅ ጎማ ካላማዳሪ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ተደርጎ ይቆረጥና በአይሌቱና በገመዱ መካከል ይታሰራል። ነፋስ ሲመታ ላስቲኩ ይሳባል፣ ሲያልፍ ይመለሳል፣ ባነሩ አይነካም። ቱቦላሬ ፍሬም ላይ የሚወጠር ከሆነ የብየዳው ጉብታ በሙሉ መሞረድ አለበት፤ በቪቲ ሲያዝም ቪቲው በቀጥታ ባነሩ ላይ ሳይሆን በረጅም የላሜራ ቁራጭ ላይ ይረፍ። ሰዓቱም ልዩነት አለው። በጠዋት ብርድ የተወጠረ ባነር እኩለ ቀን ላይ ይረግባል፤ የረገበ ባነር ይርገበገባል፤ የሚርገበገብ ባነር ደግሞ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ወጥሩት።

ጉዳቱን ማንበብ

የተበላሸ ባነር ሲመጣ መጀመሪያ አትናገሩ፤ ዘርጉትና እዩት። ባነር ምን እንደደረሰበት ራሱ ይናገራል፣ ደንበኛውም አብሮ ቢያይ ይሻላል።

አይሌቱ ከነባነሩ ቁራጭ ተገንጥሎ ከወጣ ጥግ ላይ የበዛ ጉተታ ነበረ ማለት ነው። አይሌቱ ብቻውን ወልቆ ቀዳዳው ክብ እንደሆነ ከቀረ ግን ጥፋቱ የናንተ ነው፤ የአይሌት መምቻው በደንብ አልጨፈለቀውም። ያለ ንግግር በነጻ ምቱለት። የታጠፈው ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ከተላቀቀም የናንተ ሙጫ ነው፤ ጥጉ ላይ ብቻ ከተከፈተና አጠገቡ ያለው አይሌት ከተቀደደ የአሰቃቀል ነው። ማስቲሽ የተቀባ ጠርዝ ከጊዜ በኋላ የሚላቀቀው ከፒቪሲው ውስጥ የሚወጣው ማለስለሻ ሙጫውን ስለሚያላላው ነው፤ ለፒቪሲ የተሠራ የባነር ሙጫ ተጠቀሙ፣ ወይም በሙቅ አየር በየዱት።

ነጫጭ መስመሮች በመስቀለኛ ከታዩ ባነሩ እንደ አንሶላ ታጥፎ ተቀምጧል። ጥቁር ነጠብጣብና ሽታ ካለው ሳይደርቅ ተጠቅልሎ ሻግቷል። ቀለሙ በክብ በክብ ከተላጠ በቤንዚን ወይም በቲነር ታሽቷል፤ ደንበኛው «በውኃ ብቻ ነው ያጠብነው» ቢልም አሸታችሁ ትደርሱበታላችሁ። በአግድም የተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች ከሆኑ ግን ያ ከማሽኑ ነው፤ ሳታዩት ያስወጣችሁት ህትመት ነው።

ድብዛዜ ላይ ብዙ ክርክር ይነሳል፣ መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ህትመቱ ወደ ኋላ በታጠፈው ጠርዝ ላይ ካለ ጠርዙን ግለጡና ከፊቱ ጋር አስተያዩ። የተሸፈነው ደማቅ፣ የተጋለጠው የደበዘዘ ከሆነ ፀሐይ ነው። ሁለቱም እኩል ከገረጡ ህትመቱ ነው። ፀሐይ የበላው ባነር ላይ ማጀንታው (ሮዝማ ቀዩ ቀለም) እና ቢጫው ቀድመው ስለሚለቁ የሙሽሮቹ ፊት ሰማያዊ ወደመምሰል ይሄዳል፤ ቀዩ ሮዝ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ለደንበኛው የሚነገረው አጭር ነው። «እትዬ፣ ይኼ አይሌት የወለቀው በእኛ ጥፋት ነው፣ አሁኑኑ እንመታዋለን። ይኼኛው ጥግ ግን ሲጎተት የተቀደደ ነው፣ ክሩን ይዩት። በትንሽ ዋጋ እንጠግንልዎት።» የራሳችሁን ጥፋት ቀድማችሁ ካመናችሁ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ይቀበሏችኋል።

«እዚሁ ላይ አትሙልኝ»

መልሱ አይሆንም ነው፣ ሁልጊዜ። ያገለገለ ባነር፣ በጀርባውም ቢሆን፣ ወደ ማሽን አይገባም። የማሽኑ ሄድ (ቀለም የሚረጨው ክፍል) ከባነሩ በላይ የሚሄደው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ባለ ክፍተት ነው። አንድ እጥፋት ተነስቶ፣ አንድ አይሌት ቀርቶ ወይም አንዲት ጠጠር ተጣብቃ ሄዱን ከነካች የቀለሙ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ ወይም ይጫራሉ። በዚያ ላይ የአዳማ አቧራ የገባበት ባነር ስትጠርጉት ንጹሕ ይመስላል፤ አቧራው ግን በመረቡ ጎድጎድ ውስጥ አለ።

ማስረዳቱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ጋሼ፣ ለገንዘብ ብለን አይደለም። ይኼ እጥፋት ማሽኑን ከነካው የሚበላሸው ዕቃ ዋጋው ከዚህ ባነር ብዙ እጥፍ ነው። ሊቀየር የፈለጉትን ቦታ ብቻ በስቲከር እንለጥፍልዎታለን።» ሠራተኞቻችሁ ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ይስጡ። ባለቤቱ እምቢ ያለውን ማታ ልጁ በወዳጅነት ከሠራው ነገ አምስት ሰው ይመጣል።

ልጥፍ

መጀመሪያ ባነሩ የሚለጠፍበት መሆኑን ፈትኑ። አንድ ጥግ ህትመቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ እጠፉት፤ የተሰነጣጠቀ ነጭ ከታየ አልቆለታል። በረጠበ ነጭ ጨርቅ እሹት፤ ቀለም ወይም ነጭ ዱቄት ከለቀቀ ስቲከሩ የሚይዘው ዱቄቱን እንጂ ባነሩን አይደለም። የሚለጠፈው ከባነሩ ሲሶ በላይ ከሆነ ደግሞ አዲስ ይታተም፤ ሁለቱም ዋጋቸው ይቀራረባል፣ ልጥፉ ግን ልጥፍ መምሰሉ አይቀርም። ከውስጥ መብራት ያለው የላይት ቦክስ ባነር ጭራሽ አይለጠፍም፤ ቀን ያማረው ልጥፍ ማታ መብራት ሲበራ ጥቁር አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል።

ካለፈ እንዲህ ሥሩት። በለብታ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ስፖንጅ እጠቡት፤ ዱቄት ሳሙና አይሆንም፣ ይጭራል። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚያ የሚለጠፍበትን ቦታ በአልኮል በነካ ጨርቅ በስሱ አልፉበት፤ አስቀድማችሁ ጥግ ላይ ሞክሩ፣ አንዳንዱን የኢኮ ሶልቬንት (ለስላሳ ማሟሟቻ ያለው) ቀለም አልኮል ያነሳዋል።

ስቲከሩ ጀርባው ግራጫ የሆነው ይሁን። ተራው ነጭ ስቲከር ከሥሩ ያለውን ጥቁር ፊደል ያሳያል፤ ከሩቅ «መጋቢት 12» እና «ሚያዝያ 3» አንድ ላይ ይነበባሉ። ሲቆረጥ ከድሮው ጽሑፍ በየአቅጣጫው ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ይለፍ፤ አንድ ቁጥር ብቻ ከመለጠፍ ሙሉ መስመሩን መለጠፍ ይሻላል። አራቱም ማዕዘኖች በ1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠጋጉ፤ ሹል ማዕዘን በነፋስ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው።

በሶልቬንት ቀለም የታተመ ስቲከር ሳይለጠፍ 24 ሰዓት ይቆይ። በቀለሙ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ሙጫውን ያላላዋል፣ ጠርዙም ይጠቀለላል። ደንበኛው የሚመጣው ግን ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ነው፣ ስብሰባው ጠዋት ነው። ያኔ ስቲከሩን አታትሙት፤ የግራጫ ጀርባውን ስቲከር በባዶው ለጥፉና ቀኑን ባለ ቀለም ስቲከር በፕሎተር (በስቲከር መቁረጫ ማሽን) ቆርጣችሁ በላዩ አድርጉት። የሚደርቅ ቀለም የለውም፣ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

ስትለጥፉ ከመሀል ወደ ዳር በጠንካራ የላስቲክ መግፊያ ጫኑት። የባነሩ ገጽ የመረቡ ጎድጎድ ስላለበት በውኃ መለጠፍ አያዋጣም፤ ውኃው ጎድጎዱ ውስጥ ይቀራል። መጨረሻ ላይ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁና ጠርዞቹን እንደገና ጫኑ።

የአዳማ ባነር ብዙ ጊዜ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ነው፣ አንዳንዱም እንግሊዝኛ ይጨመርበታል። ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት የአማርኛው ቀን ተለጥፎ የሌላው ቋንቋ እንደነበረ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው ስህተት የዘመን አቆጣጠሩ ነው፤ ዓ.ም ተቀይሮ እ.ኤ.አ. ይረሳል። ከመለጠፋችሁ በፊት የባነሩን ፎቶ ለደንበኛው ላኩና የሚቀየረውን ሁሉ በጽሑፍ ይመልስ። በስልክ «ቀኑን ብቻ» የተባለ ትዕዛዝ አትሥሩ።

የልጥፍ ዋጋ በካሬ አይተመንም። ማጠቡ፣ ማድረቁና መለካቱ ለትንሹም ለትልቁም ያው ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ መነሻ ዋጋ አውጡና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ልጥፍ በልጥፍ ላይ ከሁለት በላይ አይደራረብ። የድሮውን ስታነሱ አሙቁትና ወደ ኋላ አጥፋችሁ በዝግታ ሳቡት፤ ከሥሩ ቀለም ይዞ ሊነሳ እንደሚችል ግን ቀድማችሁ ንገሩ።

ሮልአፕ

ስብሰባ በበዛበት ከተማ ሮልአፕም (ከሳጥኑ ተስቦ የሚቆም ባነር) ይመጣል፤ መቆሚያው ደህና ነው፣ ምስሉ ብቻ ይቀየር። አደጋው ያለው ስፕሪንጉ ላይ ነው። ባነሩን ሙሉ በሙሉ ሳቡት፣ ማቆሚያ ፒኑን አስገቡ፣ ከዚያ በፊት መቁረጫ አታንሱ። ፒን ከሌለው አንድ ሰው አጥብቆ ይያዝ። የድሮውን ከሥሩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡና አዲሱን በዚያ ላይ በባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር አያይዙት፤ ትንሽ እንኳ ከተንጋደደ እየተጠቀለለ ጠርዙ ይታኘካል፣ ስለዚህ በማዕዘን መለኪያ አስተካክሉ። 440 ግራም ባነር እዚህ ባይሆን ይሻላል፤ ወፍራም ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ ሊጨናነቅ ይችላል።

ለሌላ ሥራ ሲውል

«ካለቀ በኋላ ምን ላድርገው?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ጥሩ ደንበኛ ነው። ለእንጨት መሸፈኛ፣ ለሲሚንቶ፣ ለጉልት ጥላ ይሆናል። መኪና የሚሸፍን ከሆነ ህትመቱ ወደ ውጭ ይሁን፤ በሙቀት ቀለሙ ወደ መኪናው ሊያልፍ ይችላል።

በርበሬ፣ ጤፍ ወይም ቆሎ ግን አይሰጣበት። ፒቪሲን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ቅባት ያለበትን ነገር ሲያገኝ ይወጣል፣ ፀሐይ ደግሞ ያፋጥነዋል፤ የህትመቱ ቀለምም ለምግብ የተሠራ አይደለም። ይህን በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ ንገሯቸው፤ ብዙ እናቶች «ሸራ ነው» ብለው ነው። ከምድጃ አጠገብም መጋረጃ አይሁን፣ እንደ ቆሻሻም አይቃጠል፤ ጭሱ አሲድ አለበት፣ ዓይንና ሳንባ ይቆጠቁጣል።

እንዲቆይላቸው የሚፈልጉት ካለ አጣጥፈው አያስቀምጡ። በደረቁ፣ ህትመቱ ወደ ውጭ ሆኖ፣ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የካርቶን ቱቦ ወይም የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ይጠቅልሉት። ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ህትመቱም ልጥፉም ይጨማደዳል። የታጠፈው ባነር እጥፋቱ ካልተሰነጠቀ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተዘርግቶ ይለሰልሳል።

የመጨረሻው ነገር የሰው ፊት ነው። የሙት ዓመት ባነር፣ የምርቃት ፎቶ፣ ከሁሉም በላይ የታቦትና የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ባነር መሬት ላይ ተነጥፎ ሲረገጥ ወይም የፍየል ጉረኖ ሲጋርድ ያየ ሰው የሚጣላው ካነጠፈው ጋር ብቻ አይደለም፤ «ማን ሠራው?» ብሎ ወደ እናንተም ይመጣል። እንዲህ ያለውን ስታስረክቡ «ሲያልቅ ወደኛ መልሱት፣ እንቆርጠዋለን» በሏቸው። ተበላሽቶ እናንተ ጋ የቀረ፣ ባለቤቱ ያልወሰደው ባነርም ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት ፊትና ስልክ ቁጥር ያለበት ክፍል በከተር ይወጣና ከእጅ ስፋት ባነሰ ቁራጭ ይሸረካከት፤ የቀረው ባዶ ቦታ ይሰጠው።